ያኛውስ በይኝ

ግን ለምን ዝም አለች፣ ከጊንጪ ወደ አምቦ ሐኪም ቤት ሲወጡ እንደዚያ ስታቃስት የነበረች ልጅ ለምን ዝም አለች፣ ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክንዱን ትቧጥጥ ነበር፣ አሁን ዱረቲ ራሷን እናቷ ለንሳ ደረት ላይ ጥላ በመስኮቱ ማሳ ማሳውን ታያለች፣ አባዬ፣ ሕመሙ ቆመልኝ እኮ ትለዋለች፣ ደግፌ ፈገግ ሊል ይሞክራል፣ ፊቱ እምቢ ይለዋል።

ለንሳማ ፊቷ በርቷል፣ ልጄ ተሻላት፣ ከኋላ ጎረቤታቸው አዴ ጉዴ፣ ገለትኒ ዋቃዮፍ፣ ጌታ ይመስገን፣ ድሮስ የቲቸር እጅ መቼ አሳፍሮ ያውቃል ትላለች፣ የቲቸር እጅ! ጊንጪ ላይ ሬዲዮ ዝም ሲል ደግፌ፣ ላም ሲነፋት ደግፌ፣ የኬሚስትሪ መምህር ሲጠፋ ደግፌ፣ በዚህ ዘመንም አንድ ሰው ሁሉን ማወቅ ይችላል እያለ ሻይ ቤት የሚሟገተው ያው ደግፌ፣ ትናንት ልጁ እምብርቷን ይዛ ስትጎብጥ ታዲያ ማንን ይጠይቅ፣ ወስፋት ነው አለ፣ መድኃኒቱን ሰጣት፣ ለንሳ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትለው እኔ እያለሁ? አላት፣ ጠዋት ሕመሙ ወደ ቀኝ ወረደ፣ ያኔም ማስታገሻ። ጅል።

አሁን ገጹ ፊቱ ላይ ይመጣበታል፣ ሽፋኑ የተገነጠለው የሕክምና መጽሐፍ፣ ትርፍ አንጀት የሚለው ምዕራፍ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ሕመሙ በድንገት ቢቆም ዳነ አይባልም፣ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። አንብቦታል። ያነበበው ነገር ትናንት የት ሄዶ ነበር? ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎታል፣ እዚህ መኪና ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ ምነው ባላወቀ።

ኢብሳ፣ ያ ተማሪው፣ አሁን አምቦ ላይ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፣ ዕድሜህን ሙሉ ሆድ ስትቀድ ልትኖር ነው? ብሎ ደግፌ ስቆበት ነበር፣ ቲቸር፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ እኔ አንዷን በደንብ ልወቃት አለው ኢብሳ፣ የሰነፍ ወሬ መስሎት ነበር፣ ዛሬ ተረኛ ይሁን፣ ጌታ ሆይ፣ ኢብሳ ዛሬ ተረኛ ይሁን።

ወራጅ! ትላለች ለንሳ። ምን? ይላል ደግፌ፣ ከተሻላትማ ምን ያንከራትተናል፣ ተሻግረን የጊንጪ መኪና እንያዝ፣ ሾፌሩ ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፣ አዴ ጉዴም ደግ አሰብሽ ትላለች፣ እስቲ ለማንኛውም ትታይ ቢል፣ አንድ ሰበብ ቢፈጥር፣ ስሙ ይተርፍለታል፣ ግን ለንሳ አንድ እግሯን አውርዳለች፣ የልጁ ግንባር እጁን ይፋጀዋል፣ ስሙ ገደል ይግባ።

ዝጋው! ግቢ፣ ለንሳ፣ አልተሻላትም፣ ወስፋት አይደለም፣ ተሳስቻለሁ፣ ትናንት ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ሾፌር፣ በናትህ ንዳው!

በሩ ይዘጋል። አዴ ጉዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መጸለይ ትጀምራለች፣ ለንሳ ታየዋለች፣ ዝናብ ይጥል እንደሆን እንኳ እሱን ነው የምትጠይቀው፣ ትድናለች? አፉ በልማዱ ይከፈታል፣ ባዶ ነው፣ አላውቅም ይላል።

አባዬ፣ ያ ዛፍ ስሙ ማነው፣ ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ግራር ነው የኔ እናት፣ ያኛውስ፣ ወይራ፣ ያኛውስ፣ ብሳና፣ ዓይኗ ይከደናል፣ አይሆንም፣ ዱረቲ፣ አትተኚ፣ እዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ አለ፣ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ጠይቂኝ፣ ያኛውስ በይኝ፣