ከዳቦ ቤቱ በታች ያሉ ልጆች

መስመሩን ያሰመረው ሰው ሰፈራችንን በእግሩ ረግጦት አያውቅም፤ እምላለሁ። ረግጦት ቢሆን ኖሮ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ «እዚህ ላይ ደግሞ ሰፈር ይቆረጣል እንዴ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ካርታውን አምጥተው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፉት። ከዳቦ ቤቱ በላይ ያሉ ልጆች እዚሁ ሰፈራችን ባለው ትምህርት ቤት ይቀጥላሉ፤ ከዳቦ ቤቱ በታች ያሉት ከመጪው ዓመት ጀምሮ ዋናውን መንገድ ተሻግረው አዲሱ ትምህርት ቤት ይገባሉ። የእኛ ቤት ከዳቦ ቤቱ ወደ ታች ሦስተኛው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ስር ናት፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ከመቀመጫዬ ሳልነሳ እሰማዋለሁ። ልጄ ደወሉ እየተደወለ ዳቦዋን በአፏ ይዛ ብትወጣ እንኳን ሰልፉ ላይ ትደርሳለች። ይህን ነው የቀሙኝ።

እውነቱን ለመናገር አዲሱ ትምህርት ቤት ይሻላል። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መስኮቱ አልተሰበረም፣ ቤተ መጻሕፍት አለው ይላሉ። የእኛው ጠጋ ጠጋ በሉ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ተጣቦ ይማራል። ይህን አልክድም፣ ዓይኔ ያያል። ግን በመሀል መንገዱ አለ። የጭነት መኪናው እንደ ጉድ የሚንደረደርበት መንገድ። የእግረኛ ድልድይ ይሠራል ተብሎ ግራና ቀኝ ምሰሶ ቆመ፤ ላዩ ላይ የሚሄድበት ነገር እስከ ዛሬ አልመጣም። የመጀመሪያ ልጄ የሞተው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሊጫወት እየሄደ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው።

ባሌ ብረት በያጅ ነው። ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ ነው፤ ልጃችን ከሞተ ወዲህማ ጭራሹን ዘጋ። ስሙን ጠርቶ አያውቅም። እኔ ሳነሳበት ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። ይሁና፣ ሰው ሁሉ ሐዘኑን እንደሚችለው ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ጎረቤቴ ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ናት። ሬዲዮ እንላታለን፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ፊት ለፊቷ ነው የምንላት፤ እሷም «እኔ ባትሪ አልጨርስ፣ ምን ቸገራችሁ» ትላለች። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። የእሷ ልጅና የእኔ ትንሿ በአንድ ሰሞን ተወልደው፣ አንድ ላይ ድኸው፣ አሁን ሁለቱም ሁለተኛ ክፍል ሊገቡ ነው። ልጄ በሞተ ጊዜ ሬዲዮ በየጠዋቱ እየመጣች ቤቴን ትጠርግ፣ ትንሿን ታጥብ ነበር። አንድም ቀን «አይዞሽ» ብላኝ አታውቅም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ አማቷ እግር፣ ስለ ሰው ሁሉ ታወራለች፤ እኔ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ እሰማታለሁ። በዚያ ወሬ ነው በሕይወት የቆየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች ለስብሰባ ተጠራን። አንድ ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ተቀመጥን። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ እንኳን «ከምግብ በኋላ ሁለት ፍሬ» እንደሚሉት አድርገው፣ ረጋ ብለው ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ከላይኛው ሰፈር የመጣች ነርስ ነበረች። «እናንተን ጠልተን አይደለም» አለች ወደ እኛ ዞራ። «ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ሰሌዳው አይታያትም። መምህሩ ስሟን አያውቀውም። ቦታ የለም፤ እኔ ምን ላድርግ?» ተናድጄ ላያት ፈልጌ ነበር፤ ዓይኗ ስር ያለውን ድካም ሳይ ተውኩት።

ባለዳቦ ቤቱ ተነሳ። መስመሩ የሚያልፈው በእሱ ቤት ላይ ነው። «እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ» አለ። «ልጆቼ ምድጃው ጋ ሲተኙ ከላይ ናቸው፤ መሸጫው ጋ ሲተኙ ከታች ናቸው። የት ላስተኛቸው?» ቤቱ ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ አሉና ዳቦ ቤቱ ወደ ላይ እንደሚቆጠር ነገሩት። የእሱ በዚሁ አለቀ። ሲቀመጥ ወደ እኛ ማየት አፍሮ ጫማውን አየ።

ከዚያ ሬዲዮ ተከፈተች። ጠዋትና ከሰዓት ተብሎ በፈረቃ ይማሩ አለች። ካልሆነ ድልድዩ እስኪያልቅ ይጠበቅ አለች። «ያንን መንገድ እኮ ትልቅ ሰው እንኳን ተሳቅቆ ነው የሚሻገረው፤ ክምር የሚያህል ቦርሳ የተሸከመ ሕፃን ምን ይሁን? እናንተስ ትልካላችሁ?» አለች። ስለ ልጄ አላነሳችም። ዓይኗ ወደ እኔ መጣና መልሳ ወሰደችው፤ አየኋት።

ሰብሳቢው እስክትጨርስ ጠበቋት። «የተባለው ሁሉ ትክክል ነው» አሉ። «መስመሩን ግን እኛ አላወጣነውም፣ እኛም አናነሳውም። በመመሪያው ልዩ ምክንያት ያለው ልጅ በዝውውር እዚሁ መቆየት ይችላል። ሁለተኛ ክፍል አንድ ቦታ አለ። ምክንያት ያለው ወላጅ ያስረዳ፤ ቤቱ ይወስናል።»

ባሌ ተነሳ። መጀመሪያ ሊወጣ መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«እኛ ሁለት ልጆች ነበሩን» አለ። «ታላቁን ያ መንገድ ወሰደብን።» ስሙን ጠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላልኩት፣ ያልለመንኩት የለም፤ እዚያ አፍጥጦ በተቀመጠ ሰው ፊት የልጄን ስም ከአባቱ አፍ ሰማሁ። «አስፋልቱ ላይ ጫማውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንዱን ብቻ። ሌላውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እኔ አሁን ሌላ ልጅ ማሻገር አልችልም። አቅም የለኝም።» ተቀመጠ።

ስለ ጫማው እኔ አላውቅም ነበር። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ልያዘው ወይስ ልምታው አላወቅኩም።

ነርሷ ታለቅሳለች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «ቦታው ለዚህች ልጅ ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ሬዲዮ ናት። ከዚያ ሁሉም አወጣ።

እጆቹ ሲወርዱ ሬዲዮ አልተቀመጠችም። «የእኔ ልጅስ?» አለች፤ እንደ ሁልጊዜዋ ሳይሆን ቀስ ብላ።

«የእርስዎ ልዩ ምክንያት ምንድን ነው?»

«ያው መንገዱ ነዋ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «መንገዱ የሁሉም ነው፤ በእሱ ብቻ ከሄድን ሁሉም ምክንያት አለው ማለት ነው» አሉ። እሳቸው ጨዋ ስለሆኑ እንዲህ አሉ እንጂ፣ ያንቺ ልጅ ገና አልሞተችም ማለታቸው ነበር። ሬዲዮም ገባት። ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስብሰባው ሲያልቅ እየጠበቅኳት ሳታየኝ ወጣች።

ቤት እንደገባን በሩን ዘግቼ ባሌን ያዝኩት። «ለእኔ ያልነገርከኝን ለአገር ሁሉ ትናገራለህ? እኔ እናቱ አይደለሁም?»

«ልጄን አላሻግርም ብዬሻለሁ» አለ።

«በወንድሟ ሞት ነው ቦታ የገዛህላት።»

«በምንም ልግዛው» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «በምንም ይሁን።» ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውዬው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ጠጋ ብዬ ጀርባው ላይ ተለጠፍኩ፤ እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን። ይመለስ፣ ቦታውን አንፈልግም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ልጄን እዚያ መንገድ ላይ ከማቆም ሰው ሁሉ ቢጠላኝ ይሻለኛል፤ አሁንም ቢሆን እንዲሁ ነው የምለው።

ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ጠፋ። የሬዲዮን ሳቅ፣ ባሏን የምትጨቀጭቀውን፣ ምንም አልሰማም። ትንሿ ልጄ «ለምን ከጓደኛዬ ጋር አልሄድም?» እያለች ትነዘንዘኛለች። አንዴ «አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ ጮህኩባትና ወዲያው አቅፌ አለቀስኩባት፤ ልጅቷ ግራ ገባት።

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ሬዲዮ ልጇን ይዛ መጣች። የአዲሱን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጨርቅ በፌስታል ይዛለች። «ሌላ ሰፊ ጋ ልሄድ ነበር፤ ደግሞ እጀታ አበላሽተው ይሰጡኛል» አለች። ሜትሬን አንስቼ ልጅቷን ለካኋት። ትከሻዋ፣ ክንዷ፣ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ። የሆነች ጭራሮ ናት፣ ገና የምታድግ። ለወደፊቱ እንዲሆናት ቀሚሱን ረዘም አድርጌ ልተወው አልኩ፤ ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች።

ጨርሼ ሜትሩን አንገቴ ላይ ሳደርግ ሬዲዮ ልጅቷን ወደ ውጭ ላከቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ።»

«ምኑ?»

«እሱ የተመታበት። እዚያ ጋ እንዳትሻገር ልነግራት ነው። ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

ደሜ ፈላ። በሩን ላሳያት ነበር። ደግሞ አየኋት፤ ያቺ ወሬ የማያልቅባት ሴት ከንፈሯ ደርቆ፣ ፌስታሉን ጠቅልላ ጠቅልላ ገመድ አድርጋዋለች። ነጠላ ጫማዬን አደረግኩና ወጣሁ።

ልጅቷን በመሀላችን አድርገን ወረድን። ትራፊክ ፖሊሱ ያኔ ወስዶ ካሳየን ወዲህ እዚያ ረግጬ አላውቅም። ጎማ ጥገናውን አልፎ፣ የመንገዱ አካፋይ የተከፈተበት ጋ ነው። ሰው ሁሉ የሚሻገረው በዚያው ነው፤ ከላይም ከታችም አጥሩ አያሳልፍም። «እዚህ ጋ ነው» አልኩ። የድልድዩ ባዶ ምሰሶ ላይ ተደገፍኩ።

ሬዲዮ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። «ታዲያ የት ጋ ትሻገር?» አለችኝ።

«እዚሁ ነው። ሌላ ቦታ የለም።»

ያኔ ፖሊሱ እዚሁ አቁሞኝ ነበር የነገረኝ። ልጅዎ ጥፋት የለበትም አለኝ። ጠርዙ ላይ ቆሟል፤ ግራና ቀኝ አይቷል፤ አንዱ መኪና ቆሞ እለፍ ብሎታል፤ የቆመውን ደርቦ የወጣው ነው የመታው። ጓደኞቹም እንደዚያ ነው ያሉት። ያስተማርኩትን አንድም ሳያጎድል አድርጎታል። ፖሊሱ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው፤ ምነው ባልነገረኝ።

ጎንበስ ብዬ የልጅቷን እጅ ያዝኩ። እሱን ያስተማርኩትን ያንኑ ነገርኳት። «እዚህ ጠርዝ ላይ ትቆሚያለሽ። ግራ ታያለሽ፣ ቀኝ ታያለሽ፣ እንደገና ግራ ታያለሽ። ባዶ ሲሆን ሳትሮጪ ትሄጃለሽ። አንዱ ቢቆምልሽ ከኋላው ሌላ መኖሩን እይ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። ግን እጇ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ እሱ ግራና ቀኝ አይቶ ነበር?»

ሬዲዮ ፊቷን አዞረች። ፖሊሱ ያለውን እሷም እንደማንኛውም ሰው ሰምታዋለች።

«አላየም» አልኳት። «ችኩል ነበር። ሳያይ ሮጠ።»

እጇ ረጋ። «እኔ ግን አያለሁ» አለች። «ሁለቱንም አያለሁ።»

«አዎ የኔ ልጅ፣ አንቺ ታያለሽ» አልኳት።

ሬዲዮ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። መኪናው እስኪቀንስ ሦስታችንም እዚያው ቆመን ጠበቅን። ልጄ ችኩል አልነበረም። ጫማውን እስኪያስር እንኳን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሚያስጠብቅ፣ ዝግ ያለ ልጅ ነበር።