የተጠማዘዘው ክንፍ

ኮምፒዩተሩ ፒያሳ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። የንድፍ ክፍሉ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበርና፣ አራት ሰው ተሸክሞት በጠባቡ ደረጃ ሲወጣ ሰፈሩ ቆሞ አይቷል። “ቴሌቪዥን ነው” ያለ ነበር፤ “የለም፣ ካዝና ነው” ያለም ነበር። በ1981 ዓ.ም. አውሮፕላን የሚነድፍ ሣጥን ነው ብሎ ማን ይገምታል?

የሺዓለም ግን ከዚያ ሣጥን ፊት ከተቀመጠች ወዲህ ሌላ ሥራ አላማራትም። አምስት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ንድፍ በስስ ወረቀት ስትገለብጥ ኖራ፣ የራሷን መሥመር ማስመር የጀመረችው ገና አሁን ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ገብረሕይወት ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ የሰብል መድኃኒት የምትረጨው የትንሿ አውሮፕላን ክንፍ እስከ ዓርብ ካልወጣ፣ ማሽኑ ሥላሴ አጠገብ ወዳለው ሌላ መሥሪያ ቤት ይጫናል። እሷም ወደ ስስ ወረቀቷ ትመለሳለች።

ዛሬ ዓርብ ነው። ክንፉም ጠማማ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ክንፉ ሁለት የጎድን አጥንቶች አሉት፤ ሰፊው ከአውሮፕላኑ ሆድ ይገጠማል፣ ጠባቡ ጫፍ ላይ ይቆማል። የእያንዳንዳቸው ጀርባ ከዳር እስከ ዳር በአርባ አንድ ነጥብ ይገባል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ በሁለቱ መካከል ቆዳ ይዘረጋል። ሰፊውን የሺዓለም አስገባች፤ ጠባቡን አንጋፋው ነዳፊ ጋሽ ሰላሀዲን። ማሽኑ ዘርጋ ሲባል ግን ክንፉ ወገቡ ላይ ታንቆ፣ ታጥቦ እንደ ተጨመቀ ነጠላ ተጠማዘዘ።

“ይኼ ክንፍ ነው የሙሽራ ከረባት?” አለች።

“ውቤ በረሃ ያመሸ ክንፍ ነው እንጂ” አሉ ጋሽ ሰላሀዲን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። “አላየሽም፣ ቀጥ ብሎ መቆም ሲያቅተው?”

ነጥቦቹን ሦስት ጊዜ ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ። አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። ማሽኑን አጥፍተው አበሩት፤ ክንፉ እንደ ጠመመ ተመልሶ መጣ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሺዓለም ተስፋ ቆርጣ ተነሣች።

ለምሳ ሲወጡ አቧራ እንዳይገባበት ማሽኑን በአቡጀዲ መሸፈን ደንብ ነው። እንደ ልማዳቸው በሁለት ወገን ቆመው ጨርቁን ሳቡት። መሐሉ ላይ ተጠማዘዘ።

“አዙረሽ ይዘሽዋል” አሉ።

“እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጋሼ። የእኔ ልክ ነው።”

“የእኔስ ምን ሆነና?”

የሺዓለም መልስ ልትሰጥ ስትል ጨርቁን አየች። የማሽኑን መስኮት አየች፤ እዚያ ላይ ጠማማውን ክንፍ።

“ጋሽ ሰላሀዲን፣ ነጥቦቹን ከየት ጀመሩ?”

“ከቀኝ ነዋ። ከየት ይጀመራል?”

ጋሽ ሰላሀዲን እጃቸው መጻፍ የለመደው ወሎ፣ ቁርኣን ቤት፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ኋላ ነዳፊ ሲሆኑም መሥመራቸው ሁሉ ከቀኝ ይነሣል። በሠላሳ ዓመት ማንም ልብ አላለም፤ መሥመር ካለቀ በኋላ ከየት እንደ ተጀመረ አይናገርማ።

“እኔ ከግራ ነው የጀመርኩት” አለች የሺዓለም።

የእሷ የመጀመሪያ ነጥብ የክንፉ አፍንጫ ነበር፤ የእሳቸው ጭራው። ማሽኑ አንደኛውን ከአንደኛው፣ የመጨረሻውን ከመጨረሻው አገናኝቷል። ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው።

“በይ ልደምስሰውና ከግራ ላስገባው።” ጋሽ ሰላሀዲን አንዲት ጣታቸውን አነሡ። በዚያች ጣት እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ጠፋ በግ እየፈለጉ ጠባቡን ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸው ነበር።

“የእርስዎ ይቆይ፣ ጋሼ። እኔ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። የእኔን ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ ያንብቡልኝ።”

“ምሳሽስ?”

“ክንፉ ይብላ መጀመሪያ።”

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ ገብረሕይወት የጭነት መኪናውን ሾፌር አስከትለው ገቡ። የማሽኑ መስኮት ላይ ክንፉ በአረንጓዴ መሥመር፣ ለሰላምታ እንደ ተዘረጋ ክንድ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ኃላፊው አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አድርገው አዩት፤ ወደ ቀኝም።

“ጠዋት ጠሟል ብለውኝ ነበር፤ ምን ሆኖ ነው?”

“ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች ሠርተውት ነበር፣ ጓድ” አሉ ጋሽ ሰላሀዲን።

ጓድ ገብረሕይወት አልገባቸውም፤ ግን አልጠየቁም። ወደ ሾፌሩ ዞሩና “ሂድ፣ ከዚህ የሚጫን ነገር የለም” አሉት። ከዚያ ደስ ብሏቸው ይሁን፣ ሲያገለግሉ መታየት ፈልገው፣ የአቡጀዲውን አንድ ጫፍ አንሥተው ሌላውን ለየሺዓለም አቀበሏት።

ጨርቁ መሐሉ ላይ ተጠማዘዘ።

“ምንም አይደል፣ ጓድ” አለች የሺዓለም ሳቋን ይዛ፣ የራሷን ጫፍ እያዞረች። “እኔ እዞራለሁ።”