በማግስቱ ያልተነሡ አሻንጉሊቶች

እናቴ ሺዙዌ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእሷ የቀሩን በሙሽርነቷ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የመጣቻቸው፣ ለሴት ልጆች በዓል የሚደረደሩ አሻንጉሊቶች ናቸው። ቀይ ጨርቅ በለበሰ ደረጃ ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ ከላይ፣ ወይዛዝርቱና ሙዚቀኞቹ ከታች ይቀመጣሉ። ከበዓሉ ማግስት ተጠቅልለው ሣጥን ካልገቡ የቤቱ ልጅ ቆሞ ቀር ትሆናለች ይባላል።

አባቴ ግን በማግስቱ አንሥቷቸው አያውቅም።

«ዝናብ ነው፤ በዚህ እርጥበት ቢጠቀለሉ ይሻግታሉ» ይላል። ፀሐይ ከወጣ ደግሞ፣ «ዛሬ ጣራ ላይ ነው የምውለው።» ሥራው ጣራ መክደን ነበር።

ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ታኔ፣ በመጣች ቁጥር ጭቅጭቅ ነው።

«አንተ ጌንጂ! ልጅቷን እዚሁ ልታስቀራት ነው?»

«ምን አስቸኮለሽ? ገና ስምንት ዓመቷ እኮ ነው!»

እኔ ምን ቸገረኝ! ጠዋት ጠዋት ንግሥቲቱን «ደህና ዋይ» ብዬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። አንድ ዓመት የቼሪው አበባ ረግፎ እስኪያልቅ ቆዩልኝ።

ያገባሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። በሠርጉ ላይ አክስቴ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ቀማምሳ፣ «በመጨረሻ ዝናቡ አባራ በሉኛ!» ስትል እንግዳው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ከባለቤቴ ጋር ካናዛዋ ከተማ ገባሁ። በዓመቱ ለበዓሉ አባቴ ጋ ስመጣ ደረጃው የለም።

«አባዬ፣ የት አሉ?»

«ለከተማው ሙዚየም ሰጠኋቸው። ብቻዬን ለማን ልደርድር?»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ነይ ተነሺ፤ እንሂድና ታያቸዋለሽ።»

አኩርፌ ተከተልኩት። መስታወት ውስጥ ሳያቸው ያነሱ መሰሉኝ። አጠገባችን አንዲት ሕፃን የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማ፣ ንግሥቲቱ ለምን ተቆጣች?»

አባቴ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለላት። «አልተቆጣችም የኔ ልጅ። ስታስብ ፊቷ እንዲያ ነው።»

ስለ ማን ፊት እንደሚያወራ ገባኝ። ልጅቷ ስትሄድ ወደ እኔ ዞረ።

«እናትሽ የመጣች ቀን በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። ሣጥኑን እኔ ልያዘው ብላት፣ ‹አንተማ ትወድቃለህ› አለችኝ። እኔን! ጣራ ላይ የምውለውን ሰው!»

«እሷስ አልወደቀችም?»

«ሁለቴ ነዋ! ሣጥኑን አቅፋ በጀርባዋ። ስትስቅ ደግሞ መነሣት አቃታት።»

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ስለ እሷ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ኩርፊያዬ የት እንደገባ እንጃ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ ዘበኛው ሊዘጋ እስኪመጣ ጠየቅሁት፤ ምን ትወድ ነበር፣ ምን ታንጎራጉር ነበር፣ ሲከፋት የት ትደበቅ ነበር።

ስንመለስ ዓሣ ገዛን። አባቴ፣ «እሷ እንዲህ ነበር የምታደርገው» እያለ ከጎኔ ቆሞ ሾርባ አሠራኝ። ሾርባው ጨው በዛበት። ጠብታ ሳናስቀር ጠጣነው።