የጳጉሜን ይለፍ

በዚያ ባዛር ምክንያት እኔና ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈናል። ጠባችን እንሂድ እንቅር አልነበረም፤ ለስንት ቀን የሚለው ነበር። በድሩ ሁለት ቀን ይበቃል አለ። እኔ ሳምንት አልኩ። ዘኪያ አንዴ ወደሱ አንዴ ወደኔ እያየች ጥፍሯን ትበላለች።

ልጆቹ የወንድሜ የከማሉዲን ናቸው። እናታቸው ስትሞት በድሩ ስምንት፣ ዘኪያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከማሉዲን አሰብ ወደብ የጭነት መኪና ሊነዳ ሲሄድ «ለጊዜው ነው ኡሙሃኒ» ብሎ ቆቦ ገበያ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ አስቀምጧቸው ሄደ። ጊዜው ስምንት ዓመት ሆነ። እኔ ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። አፏ ይጋረፋል ይሉኛል፤ አልክድም። እነዚያን ሁለቱን ግን በአፌ እየገረፍኩ በእጄ አሳደግኳቸው።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣ። ከማሉዲን አሰብ ላይ አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል፣ ሁለት ክፍል ቤትም አግኝቷል። «ጳጉሜን ላይ ደሴ ትልቅ ባዛር አለ አሉ። ልጆቹን ይዘሽልኝ ነይ፣ እስኪበቃቸው ይጫወቱ። እኔ ወይ በአራት ወይ በአምስት እደርስና ወደ አሰብ እወስዳቸዋለሁ። ትምህርታቸውን ከእንግዲህ እዚህ ይቀጥላሉ» ይላል። ደብዳቤውን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ስገባ ፊደል ያስጠናችኝ ዘኪያ ናት፤ ያን ቀን ግን ምነው ባላስጠናችኝ አልኩ።

አባት ልጆቼን አምጪ ሲል ምን ይባላል? ምንም አይባልም። የቀሩኝ እነዚያ የባዛር ቀኖች ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው ልለጥጣቸው ወሰንኩ።

የሸሚዝ ልክ በማወጣበት ወረቀት ላይ ዕቅድ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ቀን ማየት ብቻ፤ ልብስም ሳይለካ አይቆረጥም። በሁለተኛው የሚሽከረከረው ወንበር። በሦስተኛው ቀለበት ውርወራና ቶምቦላ። በአራተኛው ፎቶ መነሳት። ከዚያ በኋላ ያመለጠንን መድገም።

በድሩ ወረቀቱን አየው። ድምፁ ከጎረነነ ወዲህ ቃል እንደ ስኳር ይቆጥብ ነበር። «እትዬ፣ አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ቀን ይበቃል» አለ።

«ምን ያስቸኩልሃል?»

«ምንም።»

ምንም ሲል ዐይኑን ከዐይኔ አሸሸ። ወደ አባቱ ቸኩሏል አልኩ በልቤ።  ቢቸኩልስ ምን ያስገርማል፣ አባቱ አይደል? ወረቀቱን ግን ከፊቱ አነሳሁት።

ያኔ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከአገር አገር አይኬድም። ሊቀመንበራችን አራጌ የለበሳትን ካኪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አያውቀኝም።

«የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«ጨዋታ።»

«ጨዋታ የሚባል ምክንያት የለም። ሕክምና፣ ንግድ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ።»

እንግዲያው ለቅሶ በለው ልለው ምንም አልቀረኝም። «ባዛሩ ለአብዮቱ በዓል አይደል እንዴ ጓድ ሊቀመንበር? በዓል ለማክበር በል» አልኩት። ጻፈ።

«ስንት ሰው?»

«ሦስት።»

«ለስንት ቀን?»

«ለአንድ ወር።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጤና የለሽም ኡሙሃኒ? ለባዛር አንድ ወር?»

«የጳጉሜንን ወር ነው ያልኩህ። ጳጉሜን ወር አይደለችም?»

መጀመሪያ አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የተከልኩለት ቁልፍ ሆዱ ላይ እስኪወጠር ሳቀ። «ለወርኃ ጳጉሜን» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። «ደሞ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት። አንዷ ቀን ምርቃት ናት፣ ውሰጃት» አለኝ።

ድል አድርጌ ቤት ገባሁ። በድሩ ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱ ወረደ። «ስድስት ቀን?» አለና ወጥቶ ሄደ። እራት ሲቀርብ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

ጳጉሜን አንድ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሮቢትን እንዳለፍን እንቅልፍ ጣላቸው፤ ሁለቱም ትከሻዬ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዷ በቀኝ። ነቅተው ቢሆን አያደርጉትም። ወልድያ ኬላ ላይ ወታደሩ ገብቶ ወረቀቱን አየና በጣቱ ቆጠረን፤ «ሦስት፣ ልክ ነው» ብሎ ወረደ። ደሴ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ዝናብና ብርድ ተቀበለን። ያረፍነው የእናቴ ዘመድ ሰይዳ ቤት ነው።

ዕቅዴ የፈረሰው በማግስቱ፣ ባዛሩ በር በገባን በሩብ ሰዓት ነው። ማየት ብቻ ያልኩት ቀን በድሩና ዘኪያ ወንበሩ ላይ አራት ጊዜ ወጡ። ወንበሮቹ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ናቸው፤ የመብራት ሞተሩ ሲንደቀደቅ ወደ ውጭ እየተንሳፈፉ ይዞራሉ። እኔ ሥር ቆሜ ጫማቸውን እይዛለሁ። ከታች ሲታይ ሁሉም እግር ብቻ ነው፤ የኔዎቹን የማውቃቸው በልብሳቸው ጠርዝ ነው። በቶሎ ስለሚያድጉ ለበድሩ ሱሪ አራት ጣት፣ ለዘኪያ ቀሚስ ሦስት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋለሁ፤ ሲያጥርባቸው እየተረተርኩ አወርድላቸዋለሁ። ያ ወፍራም ጠርዝ በራሴ ላይ ሲያልፍ፣ ያውላችሁ፣ የኔ ናቸው እላለሁ።

መሬት ላይ ሲሆኑ ግን አሥር እርምጃ ይቀድሙኛል። ስጠራቸው ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ይላሉ። በድሩ ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጎፈሬውን ያቃናል፣ ዘኪያ ከደሴ ልጃገረዶች ጋር ቆማ እኔ በማልሰማው ነገር ትስቃለች። ቢሆንም ደስ አለኝ። ቀለበት ወርውሬ አንድ የልብስ ሳሙና አገኘሁ፤ ሁለቱም እየሮጡ መጥተው አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ሰው እንዳያያቸው ብለው መልሰው ራቁ።

ጳጉሜን አራት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታና ወንበሮቹ ቆሙ። በድሩ ሞተሩ ሲጠገን ሊያይ ሄደ፤ እኔና ዘኪያ ድንኳን ሥር ተጠለልን። ብርድ ስለነበር ጋቢዬ ውስጥ ገባች። የጋቢዬን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣

«እትዬ፣ ምነው በድሩ እንዳለው ሁለት ቀን ብትይ ኖሮ» አለች።

«ሰለቸሽ?»

«አልሰለቸኝም። አባ ሳይመጣ ቆቦ ተመልሰን ነበር።»

የሰማሁት ነገር ወዲያው አልገባኝም። «ምን አልሽ?»

«በድሩ ያሰበው እንደዚያ ነበራ። ይለፉ ካለቀ ጥፋቱ የማንም አይሆንም፣ የቀበሌ ነው፤ አባም አይቀየምም፣ እኛም እንመለሳለን ብሎ። አንቺ ግን ስድስት ቀን አስጻፍሽ። አባ እስኪመጣ ልትጠብቂ ነው፣ ልታስረክቢን ቸኩለሻል ብለን...» አልጨረሰችውም። አለቀሰች።

እኔ የማልቆርጠውን ጨርቅ ሠላሳ ጊዜ የምለካ ሴት! የኔኑ ልጆች ሳልለካ ቆረጥኳቸው። እሱ ቀኑን ያሳጠረው ከኔ ላለመለየት፣ እኔ ያረዘምኩት ከነሱ ላለመለየት፤ በመሀል አንድ ቃል የተናገረ የለም። አቀፍኳት። በድሩ ሲመጣ ምንም ሳልጠይቀው እሱንም ያዝኩት፤ የደሴ ልጃገረዶች እያዩት እንኳ አልሸሸም።

«በሉ ነገ በማለዳ አውቶቡስ እንሄዳለን» አልኳቸው። «ለአባታችሁ ብርዱ አመመኝ ብዬ እጽፍለታለሁ።» ውሸት መሆኑን አላህ ያውቃል። አላፈርኩም።

ጳጉሜን አምስት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጥቅልላችንን ይዘን አውቶቡስ ተራ ቆምን። በድሩ ሻንጣውን ለረዳቱ ወደ ላይ ሊያቀብል ሲል ከኋላችን አንድ ከባድ መኪና ፍሬን ያዘ። በሩ ተከፈተና ከማሉዲን ወረደ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሸሚዙ ሲነዳ ባደረበት መንገድ አቧራ ቀልቷል።  ሻንጣውን አየ፣ ጥቅልሉን አየ፣ ሦስታችንንም አየ።

«ልትቀበሉኝ መጣችሁ!» አለ። «ያረቢ፣ ዕቃ ሳይቀር አዘጋጅታችሁ!» ብሎ እዚያው በሰው መሀል እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በድሩ ሻንጣው በእጁ እንደተንጠለጠለ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ማን አፍ ኖሮት ያስተካክለው? በድሩ ሻንጣውን አስቀመጠና ሄዶ አባቱን አቀፈው። በቁመት በልጦታል።

ከማሉዲን ከመኪናው ለዘኪያ ቀይ ጫማ አወጣ። መጨረሻ ቆቦ መጥቶ ያያት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ጫማው ለዚያች ልጅ የተገዛ ነበር። ጣቷ እንኳ አይገባበትም። ዘኪያ ጫማውን አገላብጣ አየችና «ያምራል አባ። ለእህቴ እናቆይላት» አለች። አይታት የማታውቀውን ልጅ እህቴ አለቻት። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

«በሉ ውጡ፣ ነገ ዐውደ ዓመት ነው፣ ዛሬውኑ መንገድ እንጀምር» አለ ከማሉዲን።

«ነገ ዐውደ ዓመት አይደለም» አልኩት። «ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት። ረስተህ ነው።»

በጣቱ ቆጠረ። እሱ ያላሰባት አንዲት ቀን ተርፋለች። ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲያው ባዛሩን አሳዩኝ» አለ።

ሁለቱን ቀን አብረን ዋልን። ከማሉዲን የሰንሰለቱን ወንበር አልፎ በድሩን በቀጥታ ወደሚዞረው የእንጨት ፈረስ ወሰደው። የሕፃናት ነው፤ የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው የሚሰለፉበት። በድሩን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢለው በሬ ቢጎትተው አይወጣም። ለአባቱ ግን ወጣ። ጉልበቱ ጆሮው ድረስ ተሰብስቦ፣ ጎፈሬው ጣራውን እየነካ፣ ልጃገረዶቹ እየሳቁበት ሦስት ዙር ዞረ። አባቱ በዞረ ቁጥር እጁን ያወዛውዝለታል። በድሩም መልሶ ያወዛውዛል። ያን ሳይ ልቤ ለወንድሜ ለሰለሰ። እኔ ስምንት ዓመት ጠግቤያቸዋለሁ፤ እሱ ልጅነታቸውን በሁለት ቀን ሊደርስበት ነበር የሚሮጠው።

በስድስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየበላን ቁጭ አልን። ቆርጬ ተናገርኩ። «ከማሉ፣ ትናንት ልንቀበልህ አልነበረም የቆምነው። ይዣቸው ልጠፋ ነበር።»

በቆሎውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ሻንጣው ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አይቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ልትቀበሉኝ መጣችሁ ያልኩት፣ እንደዚያ ብል ይሻለኛል ብዬ ነው።»

 በድሩ ወደ አባቱ ተጠጋ። «አባ፣ እንመጣለን። እንማራለን። ግን በክረምት ቆቦ እንሄዳለን።»

«ለስንት ቀን?» አለ ከማሉዲን።

«ለአንድ ወር።»

«ጳጉሜን እንዳትሆን ብቻ!» አለች ዘኪያ። እኔ በሳቅ ትን አለኝ። ታሪኩን ሲነግሩት ከማሉዲንም ሳቀ፤ ሲስቅ ድሮ የማውቀው ታናሽ ወንድሜ ሆነ። «ሐምሌና ነሐሴ ሙሉውን» አለ። «ጳጉሜንም ትመረቅ። ሰኔ መጨረሻ እኔው ራሴ አመጣቸዋለሁ።»

መስከረም አንድ ንጋት ላይ መኪናው ሲነሳ በድሩ በመስኮት ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ሱሪው ቢያጥረኝስ?»

«አሰብ ላይ ማንም እንዳይነካው» አልኩት። «እጥፉን እኔ ነኝ የምተረትረው። ይጠርብህ፣ ቁርጭምጭሚትህን እያሳየህ ሂድ።»

ሳቀ። ዘኪያ አልሳቀችም፤ እጇን በመስኮት ዘርግታ መኪናው እስኪፈጥን ጣቴን ይዛ ነበር።

እኔ በአውቶቡስ ወደ ቆቦ ስመለስ ወልድያ ኬላ ላይ ያው ወታደር ገባ። ወረቀቴን ገልብጦ አየ። በግራዬና በቀኜ ያለውን ባዶ ወንበር አየ።

«ቀኑ ትናንት አልፏል» አለ። «ሰውም ጎድሏል። ሦስት ይላል።»

«አዎ ልጄ» አልኩት፤ የያዝኩት እንባ ያኔ መጣ። «ሁለት ጎድሏል። በሰኔ ይሞላል።»

ወረቀቱን ትንሽ ይዞት ቆየ። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝና «እንኳን አደረሰሽ እናቴ» ብሎ ወረደ።