የእማማ ሀዎ ሁለት ቤት

ሥራዬ የሀርጌሳን ጣሪያዎች በሳተላይት ፎቶ እያየሁ፣ የትኛው ቤት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ የሚገምት ካርታ መሥራት ነው። ለድንጋይ ቤት ብዙ ፍጆታ እገምታለሁ፤ በጨርቅ ለተሸፈነ ጎጆ ምንም። አያሃ ሰፈር ያለ አንድ ግቢ ግን አናደደኝ። ትልቅ አዲስ የድንጋይ ቤት ተገትሮበት፣ ቆጣሪው የሚያነበው የአንዲት ክፍል ፍጆታ ነው። “ቆጣሪውን ነካክተውታል!” ብዬ በባጃጅ ከነፍኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እማማ ሀዎ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ድንጋይ ቤቱ ተቆልፏል። ከጎኑ ካለችው የጨርቅ ጎጆ ውስጥ ግን አምፖል በርቷል፣ ማራገቢያ ይሽከረከራል።

“እማማ፣ ይህን የመሰለ ቤት እያለዎት እዚህ ይኖራሉ?” አልኳቸው ቆጣ ብዬ።

በስደት ጅጅጋ ሳሉ በለመዱት አማርኛ መለሱልኝ። “በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ሲወርድ የቤቴ ጣሪያ ተደረመሰብኝ። ይቺ ብትወድቅብኝ ግን አራግፌ እነሳለሁ።”

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

“ታዲያ ድንጋይ ቤቱን ለማን ሠሩት?”

“ለልጄ ለናስተሆ ነዋ! እሷ ጣሪያ አትፈራም። ለኢድ ከነልጆቿ ትገባበታለች፣ ኢንሻአላህ።” አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ቁልፍ አሳዩኝ።

ቢሮ ተመልሼ ካርታው ላይ ለጎጆዋ መብራት ጨመርኩላት። የድንጋይ ቤቱን ግምት ላጠፋ ጀምሬ ግን ተውኩት። ካርታው ተሳስቶ አይደለም፤ ከናስተሆ ቀድሞ ቢደርስ ነው።