ለሶርስ ኮድ የተላኩ ሽማግሌዎች

1.

ሐምሌ አላልቅ አለ።

በሌላው ዓለም ካለቀ ቆይቷል፤ በ«ሰባት ግንብ» ውስጥ ግን አላለቀም። «ሰባት ግንብ» ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ብቻውን የሠራው የኮምፒውተር ጌም ነው። መንደር ትቆረቁራለህ፣ እህል ታከማቻለህ፣ ጦር ታዘምታለህ። አሥራ ሁለተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ ክረምት ይገባል፤ ገብቶም አይወጣም። ወታደሮቹ ጭቃ ውስጥ እንደቆሙ ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ያየ ሰው የለም።

2.

ዝናብ።

ዝናብ።

(ተጫዋቹ እዚህ ላይ ተነሥቶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል።)

ዝናብ።

3. ረድኤት

ረድኤት አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ እግሯ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ላይ ስትውል የያዛት ጌም እስከ ዛሬ አለቀቃትም። ጭቃው ውስጥ ለቆሙት ወታደሮች ስም አውጥታላቸዋለች። ሞኝነት መሆኑ አልጠፋትም፤ ግን ያሳዝኗታል። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፋቸው እኔንም እያሳዘኑኝ ነው።

ጌሙ በአዲስ ኮምፒውተር አይከፈትም። የሚያስነሳላት አንድ አሮጌ ነበር፣ እሱም ማቃሰት ጀምሯል። ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ሰውየው ጌሙን የጻፈበትን ዋናውን ጽሑፍ፣ ካላገኘችና ካላረመችው፣ ዝናቡ ሳያባራ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

4. ማመልከቻ

አመልካች፦ የ«ሰባት ግንብ» ወዳጆች (የቴሌግራም ግሩፕ፣ 212 አባላት)
የሚመለከታቸው፦ አቶ ልዑልሰገድ፣ የጌሙ ሠሪ፤ በአሁኑ ጊዜ ቢሾፍቱ ዶሮ አርቢ
የተጠየቀው፦ ሶርስ ኮድ
መልስ፦ «ዶሮ ከፈለጋችሁ ማክሰኞ ኑ።»

ሁለተኛ ማመልከቻ፦ ከላይ እንደተጠቀሰው
መልስ፦ ከላይ እንደተጠቀሰው

ሦስተኛ ማመልከቻ፦ ማክሰኞ ሄዱ
መልስ፦ ዶሮ ሸጡላቸው

5. ለሶርስ ኮድ ሽማግሌ አላላክ (መመሪያ)

ሀ. ሦስት ሽማግሌ ፈልግ። ረድኤት አጎቷን ጋሽ ወልደሰንበትን ለመነች። አርባ ስድስት ጋብቻ አስማምተዋል፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ሁለቱን ጓደኞቻቸውን እሳቸው ይዘው መጡ።

ለ. ሶርስ ኮድ ምን እንደሆነ አስረዳቸው። ጋሽ ወልደሰንበት ግማሹ ላይ አቋረጧት። «ገባኝ፣ ገባኝ። ሰው ቤቱ አሳድጎ ለማንም ያልሰጠው ነገር ነው።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ሐ. ባለጉዳዩ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ረድኤት ሄደች። ጋሽ ወልደሰንበት ቅር አላቸው፤ መኪናው ግን የእሷ ነበር።

6. ቃለ ጉባኤ

ቢሾፍቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ የአቶ ልዑልሰገድ ሳሎን። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል።* ከጓሮ ዶሮ ይሰማል።

ልዑልሰገድ፦ ኧረ ተቀመጡ እንጂ!

ወልደሰንበት፦ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።

ልዑልሰገድ፦ በሞቴ! ምንድን ነው ጉዳዩ?

ወልደሰንበት፦ ሶርስ ኮድዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው።

(ዶሮ።)

ልዑልሰገድ፦ እሱ… ገና አልደረሰም። ስሕተት አለበት።

ወልደሰንበት፦ ልጃችንም ስሕተት አላጣትም።

ረድኤት፦ ጋሼ!

ልዑልሰገድ፦ ስሙኝ አባቶቼ። ያን ጌም አንድም ሰው አልፈለገውም። አንድም ሰው! ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ዶሮ ገዛሁ። እነዚህ ልጆች ሲጽፉልኝ የሚያሾፉብኝ ነው የመሰለኝ። ለመሆኑ ልጅቷ ከየት አገኘችው?

ወልደሰንበት፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰባት ቤት ይቆጠራል።

*ሁለቱ ጓደኞቻቸው በዚህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ምንም አልተናገሩም። እግራቸውን ግን አሟቸው ነበር።

7. ሰባት ቤት

ለጋብቻ ሲሆን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ አያት ቅድመ አያት ይቆጠራል። ለጌም ሲሆን ማን ከማን እንደቀዳ ይቆጠራል፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ለነበረ ሰው ሌላ መንገድ አልታየውም። ረድኤት ስልኳን አውጥታ፣ ግሩፑን እየጠየቀች፣ ጮክ ብላ ቆጠረች።

ረድኤት ከአክስቷ ልጅ ከያሬድ ቀዳች።
ያሬድ አብሮት ከተማረው ከኢብሳ።
ኢብሳ ሞጆ ጌም ቤት ከነበራት ከሰናይት።
ሰናይት ከሹፌሩ ከከማል።
ከማል ከአስር አለቃ ጎይቶም።
ጎይቶም ቢሾፍቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ከነበራት ከተናኘ።
ተናኘ ከ

«ከእኔ።»

8.

ያሉት ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው፣ የአቶ ልዑልሰገድ ባለቤት። የለስላሳ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«መሳቢያውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ያህል ዓይንህ እስኪቀላ ጽፈኸው ማንም ሳያየው ሲቀር አንጀቴ አልቻለም። ሲዲውን ፎቶ ኮፒ ቤት የረሳሁት አስመስዬ ትቼው መጣሁ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሳትነግሪኝ?»

«ትቆጣለህ ብዬ ነዋ! በል ተቆጣ አሁን።»

አልተቆጡም። የረድኤትን ስልክ ተቀብለው ስሞቹን እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

ጋሽ ወልደሰንበት ግን ሥራ ላይ ነበሩ። «እንግዲህ ዝምድና ተገኘ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «በሰባት ቤት ውስጥ ናችሁ። ጋብቻው አይሆንም።»

ረድኤት ጣልቃ ገባች። «የምን ጋብቻ ነው ጋሼ?»

«ረጋ በይ። ጋብቻው ቀረ ማለት አንቺ የቤቱ ልጅ ነሽ ማለት ነው። የቤት ልጅ ደግሞ ሽማግሌ አትልክም፤ መሳቢያውን ከፍታ ትወስዳለች።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ተቀመጡ።

9.

አቶ ልዑልሰገድ ኮዱ ያለበትን የድሮ ኮምፒውተራቸውን ከዶሮ መኖው ክፍል አውጥተው፣ ላባውን አራግፈው ሰኩት። ጣታቸውን ማብሪያው ላይ አደረጉ።

አልተጫኑም።

«የተጫወቱትን ሰዎች ስም ልስማ» አሉ። «አንድ በአንድ። ማንም የለም ብዬ ነው እኮ የኖርኩት። መጀመሪያ እነሱን ልስማቸው፣ ከዚያ ኮዱ ያንቺ ነው።»

ረድኤት የግሩፑን አባላት ስም ማንበብ ጀመረች። በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በየስሙ «ሌላስ?» ይላሉ።

10. ስም ዝርዝር (የመጨረሻው ገጽ)

210. ፈትያ፣ ጅማ

ሌላስ?

211. ባይሳ፣ አምቦ

ሌላስ?

212. ረድኤት፣ አዳማ

ሌላስ?

213. እኔ፣ ይህን የጻፍኩት

ሌላስ?

ረድኤት ዝርዝሩ አልቆባት ቀና አለች። ወዲህ፣ ወደ አንተ ወደ አንባቢው ነው የምታየው። የአቶ ልዑልሰገድ ጣት አሁንም ማብሪያው ላይ ነው።

214. ____________________