በወንበር ላይ የታተመ መስቀል

ጥቃቅንና አነስተኛ የሚሉት ነገር ፍኖተ ሰላምን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ዓለምብርሃን የተባለ አሠልጣኝ ከባሕር ዳር ድንች ይዞ መጣ። ድንች! ለጎጃም ሴት! ድንቹን ለሁለት ሰንጥቆ አበባ ቀረጸበትና ቀለም ነክሮ አቡጀዲ ላይ ቢጫነው፣ የድንቹ ውኃ ከቀለሙ ጋር ተዋሕዶ አበባው የተረገጠ ጎመን መሰለ። ደጊቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጥልፍ ጠልፋ ልጆች ያሳደገች ሴት፣ ድንች እያበላሸ አበል ከሚበላ ጎረምሳ ልትማር ተቀምጣለች።

ብትስቅም መንግሥት ለተደራጁ የሚሰጠውን የመሥሪያ ሼድ አጥብቃ ትፈልገዋለች። እሷና አራት ባልንጀሮቿ በዝናብ ላስቲክ ወጥሮ መሥራት መሯቸዋል፤ በከተማው አዳራሽ የሚዘጋጀው ባዛር መክፈቻው ካማረ ሼዱ የእናንተ ነው ተብለዋል። ስለዚህ ሥራውን ቤቷ ወስዳ እንደሚሆን አደረገችው። ያረጀ ሲሊፐር በምላጭ ቀረጸች፣ በማስቲሽ እንጨት ላይ ለጠፈችው፣ ቀለሙን በስፖንጅ እየቀባች ስታትም እንደ ጥልፍ ጥርት ብሎ ወጣ። ዓለምብርሃን አይቶ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "ይኸው ሥልጠናዬ ፍሬ አፈራ!" አለ።

ቀጥሎ ትእዛዝ ሰጠ፤ ለአዳራሹ ሃምሳ የወንበር ልብስ፣ ከወንበሩ ጋር የሚሰፋ፣ መቀመጫው ላይ ትልቅ መስቀል የታተመበት። ቱሪስት ይወደዋል አለ። ፍኖተ ሰላም ላይ ቱሪስት የሚወርደው የመኪናው ጎማ ሲተነፍስበት ብቻ ነው።

"ጌታው፣ ሰው ይቀመጥበታል እኮ" አለች ደጊቱ። "መስቀል ላይ እንዴት ተሁኖ…"

"ዲዛይን ነው! ሼዱን የሚያሳጣችሁ ይኸው ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው።"

ሼድ ሲል በዝናብ የሚወጥሩት ላስቲክ ታወሳት። ደነዝ፣ አለችው በልቧ፤ በአፏ ግን "ይሁን" አለች። ሃምሳውንም አተመች።

የመክፈቻው ዕለት እንግዳው ገባ፣ ወንበሩን አየ፣ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ባዛሩን ሊከፍት የመጣው ባለሥልጣንም ሰዉን ዞር ብሎ አየና ቆመ። ዓለምብርሃን "ተቀመጡ እንጂ!" እያለ ቢዞር የሚሰማው አጣ፤ ምሳሌ ልሁን ብሎ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ይኼኔ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከኋላ ጀምረው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ሲሳለሙ መጡና እሱ ዘንድ ደረሱ።

"ልጄ፣ እስቲ ተነሥልኝ፤ ልሳለመው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ደጊቱ ናት።

"ይህ የማን ሥራ ነው?" ብሎ ባለሥልጣኑ ጮኸ።

"የእሷ!" አለ ዓለምብርሃን፣ ጣቱን ቀስሮ።

"እጁ የእኔ ነው፤ ጭንቅላቱ የእሳቸው ነው" አለች ደጊቱ፣ ወደ ዓለምብርሃን በአገጯ እያመለከተች። ሰዉ እንደገና ሳቀ።

እማሆይ ግን አልሳቁም። በምርኩዛቸው ተደግፈው አዩዋት።

"እሱስ አላወቀም እንበል። አንች ግን እያወቅሽ ነው ሃምሳ ጊዜ ያተምሽው?"

ደጊቱ ቀለም የነካውን እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች።

ሼዱን በሳምንቱ ብሎኬት አምራቾች ወሰዱት፤ እሱንስ ረሳችው። ዓለምብርሃንን መናቅ ግን ከዚያ ወዲያ አቃታት። ልትንቀው በጀመረች ቁጥር ፊቷ ድቅን የሚለው የራሷ እጅ ነው።